ወጌሻ አይደለሁም

አንድ ሰው የሚማረውን ሲናገር አድማጩ የሚያሳየው ፊት የትምህርቱ እውነተኛ ማዕረግ ነው። ሕክምና ያለ ይከበራል፤ ሕግ ያለ ይፈራል። እኔ ስፖርት ሳይንስ ስል ግን ሰዉ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ያየኛል፤ ቀጥሎም «ሴት ልጅ! ኳስ ነው?» ይለኛል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስት ዓመት ስለ ጡንቻና ስለ ልብ ምት ስማር፣ «ኳስ ብቻ አይደለም» ማለት ሰለቸኝ። አሁን «አዎ፣ ኳስ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ምን ላድርግ? ማስረዳትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል፤ የእኔን ጉልበት ደግሞ የቦንጋ ዳገት ጨርሶታል።

ለእረፍት የቤተሰቦቼ ከተማ ዋጫ የገባሁት እንደዚያ ዝዬ ነው። እናቴ ግን ቀድማ ሥራ ይዛልኝ ኖሯል። ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የአጥንት ነገር ነው የምትማረው» ብላ ነግራለች። ዋሸች አልልም፤ የአጥንቶችን ስም አጥንቻለሁ። ስም ማወቅና መጠገን ግን ለየቅል ነው። የቀበሌያችንንም ሰው ሁሉ በስም አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን እንኳ ማስታረቅ ግን አልችልም።

በማግስቱ ቁርስ ሳልጨርስ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው ደግፈው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ከፋይል ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ንብ ማነብ አማራቸው። ያን ጠዋት ዝናብ የመታው ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ፣ ቀፎው ተሰቀለ፤ እሳቸው ወረዱ። ተከትለዋቸው የመጡት ሰዎች በሩን ሞሉት። አንዱ «ወለም ብሏቸው ነው፤ ጎተት አድርጊላቸው» አለኝ። እናቴ ቅባት ማሞቅ ጀምራለች።

እውነቱን ልናገር? ለአፍታ አማረኝ። አንድ ጊዜ ጎትቼ ቦታው ቢገባ፣ ዋጫ ውስጥ «ኳስ ነው?» የሚለኝ አይኖርም። ክንዳቸውን ያዝኩ። ከክርናቸው በላይ አብጧል፤ ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል፤ ገና ነካ ሳደርጋቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። የመጀመሪያ ዕርዳታ መምህራችን «የማታውቁትን አትጎትቱ» ያለን ትዝ አለኝና ክንዳቸውን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።

«ስብራት ሳይሆን አይቀርም፤ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኳቸው።

አንዲት ሴትዮ «ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺን ለማለት ነው?» አለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ቅባቱን ከእሳቱ አወረደች። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው «አይዞሽ ልጄ፤ ካቃተሽ ወጌሻ አለ» ብለው አጽናኑኝ። የተሰበሩት እሳቸው፣ የምጽናናው እኔ!

ጣቶቻቸው ግን አስፈርተውኛል። የእናቴን ነጠላ ወስጄ ክንዳቸውን ከደረታቸው ጋር አሰርኩና በሩ ላይ ቆሜ፣ «ወጌሻ ጋ የሚሄዱት እኔን ረግጠው ነው» አልኩ። ድፍረት አልነበረም፤ ለክርክር የሚሆን አቅም ስላልነበረኝ ነው። በመጨረሻ እሺ ብለውኝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሺሺንዳ ከተማን አልፎ ቦንጋ ሆስፒታል እስኪደርስ፣ መንገዱ በነቀነቃቸው ቁጥር እሳቸው ያቃስታሉ፤ እኔ ደግሞ «ተሳስቼ ቢሆንስ?» እያልኩ እጨነቃለሁ።

ራጁን ያየው ሐኪም አጥንቱ ተሰብሮ ሹል ጫፉ ደም ሥር አጠገብ መድረሱን ነገረን። «ቢጎተት ኖሮ እጅዎን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ማን ነው እንዲህ ያሰረልዎት?» ሲላቸው፣ ጋሽ ታደሰ በደህናው እጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ትምህርቴን እንደዚያች ደቂቃ ወድጄው አላውቅም።

ጀሶ ታስሮላቸው ዋጫ ስንመለስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጠበቀን። እኔም ምስጋና ልቀበል አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ጋሽ ታደሰ እናቴን ጠርተው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይቺን ልጅ እንዳትንቂያት፤ ገና ሳትመረቅ ሪፈር ትጽፋለች!» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ያመመውም፣ ዓይኑ የደከመውም ወደ እኛ ቤት ነው። አያለሁ፤ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ «ሆስፒታል» እላለሁ፤ ሕመምተኛውም ረክቶ ይሄዳል። ትናንት አንድ ገበሬ የሚያነክስ በሬውን እየጎተተ መጣ። እኔም እግሩን አይቼ፣ የበሬ ሐኪም ያለው ቦንጋ ነው አልኩት። ሰውዬው ቅር አላለውም። «ሚኒባሱ ይጭነዋል ወይ?» ብቻ ነው ያለኝ።