ሽማግሌዎች ቆመው፣ ሰርቨሬ በሯን ዘግታ

ሰው የራሱ የሆነ ነገር ሲኖረው ደረቱን ይነፋል። አንዱ በመኪናው ይኮራል፣ ሌላው በጓሮው ቲማቲም። የእኔ ኩራት አሜሪካ፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማዬ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ የተቀመጠች ትንሽ ኮምፒውተር ናት። የማንም ኩባንያ እጅ ሳይገባበት ሰዎችን በቪዲዮ የምታገናኝ የግል ሰርቨር! ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? ተዘጋጅቻለሁ። የቤቱ መስመር ሲጠፋ በራሱ ወደ ሞባይል ኔትወርክ የሚያዛውር መሣሪያ አያይዤላታለሁ። ገመዱን ነቅዬ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ ሠራ። ወጣት ዘጋቢዎችን «ሌላ ምንጭስ?» እያልኩ መተንፈሻ የማሳጣ ጋዜጠኛ፣ ለራሴ ሥራ ራሴን ምስክር አድርጌ ፋይሉን ዘጋሁ።

ሰርቨሯን የፈለጓት ወዳጄ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ኤቨረት ሆስፒታል ተኝተው ሰኞ የልብ ኦፕሬሽን ይጠብቃቸዋል። ልጃቸውን ህሊናን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሾርላይን ወዳለው ቤታቸው የሚመጡት ደግሞ ቅዳሜ ነው። ቀኑ ለምን ቅዳሜ ሆነ? ጮክ ብሎ የተናገረ የለም እንጂ፣ አባትየው እሺታቸውን ሳይሰጡ ኦፕሬሽን ክፍል እንዳይገቡ ነው። እሳቸው ግን በታወቀው የኩባንያ ቪዲዮ አልነጋገርም አሉ። የልጄን ጉዳይ ሰው ቤት አላወራም ነው ነገሩ። እንግዲያው እኔ ቤት፣ በሰርቨሬ ይነጋገሩ አልኳቸው።

ቅዳሜ ነፋሱ ዛፉን ሁሉ ያወዛውዛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እኛ ወደምንጠብቅበት የጋሽ ደምሴ ቤት ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ፤ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ አይቀመጡም። መሪያቸው ጋሽ መርሻ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ሹፌር፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ለሚታዩት ጋሽ ደምሴ ንግግር ጀመሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ምስሉ ደረቀ። የልጅቷ አባት አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ የቤቱ መስመር ጠፍቷል፣ በተጠባባቂው እየሠራሁ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው። ሰርቨሯ አልዋሸችም። ከእሷ በኩል ሁሉም ደህና ነበር፤ ወደ ውጭ እንደልቧ ትወጣለች። የሞባይል ኔትወርኩ ግን ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አያስገባላትም። ድግስ ጠርታ በሯን ቆልፋ፣ «እንግዶቼ ምነው ቀሩ?» የምትል ሴት ሆናለች። እኔ የሞከርኳት ደግሞ እዚያው ቤቷ ውስጥ ሆኜ ነው።

ህሊና በጆሮዬ፣ ጋሼ ሪስታርት አድርጋት እንጂ አለችኝ። ያለችው ሌክ ሲቲ ነው አልኳት። ሶ እዚያ ማን አለ? አለች። ማንም የለም።

አክስቷ እትዬ ሙሉ ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ ብለው ለመኑ። ሳይፈቀድልን? አሉ ጋሽ መርሻ። እሺ፣ ለጋሽ ደምሴ በተራ ስልክ ይደወል ሲባሉ ደግሞ ተቆጡ፦ «ሽምግልና በስልክ? ፒዛ ነው እንዴ የምናዘው?» በቪዲዮ ሲሆን ወግ፣ በስልክ ሲሆን ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ጥቂት ቆይቶ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ስልክም ቢሆን ክፋት እንደሌለው ደረሱበት።

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ያነሱት ተቆጥተው ነው። ምነው ዝም አላችሁኝ፣ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው? አሉ። ጋሽ መርሻ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ንግግሩን ከመጀመሪያው አንስተው ደገሙት። ህሊና የአክስቷን እጅ ጨምድዳ ይዛለች። ሁላችንም አንዲት «እሺ» እየጠበቅን ነው።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰምተናል። ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ተመለሱ። አሁን ተቀመጡ፣ እህል ቅመሱ።»

እትዬ ሙሉ ጮኹ፦ «ደምሴ፣ ሰኞ እኮ...»

«ሰኞ ምን አለ? ልጄ በመጀመሪያው ቀን የምትሰጥ ናት እንዴ?»

ህሊና፣ ዳዲ አር ዩ ሲሪየስ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ግን እንዲህ ወግ የሚጠብቅ ቤተሰብ በአሜሪካ ቀርቷል ብለው ያስቡ ነበርና፣ በደስታ ተቀመጡ።

እኔ በእውነታ እንጂ በስሜት አላምንም። እውነታው ግን ሰውየው ከኦፕሬሽን በኋላ ለሚመጣ ቀን ቀጠሮ መስጠታቸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ደፋር መግለጫ ዘግቤ አላውቅም።

ኦፕሬሽኑ በደህና አለቀ። እኔም ስህተቴን አረምኩ። ሌላ ቦታ አነስተኛ ሰርቨር ተከራየሁ፤ የቤቷ ኮምፒውተር በየትኛውም መስመር ወጥታ እሱን ትይዛለች፣ እንግዳም በእሱ በኩል ይገባል። ይህን ለጋሽ ደምሴ ላሳይ ሾርላይን ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ከእንግዲህ መስመር ቢጠፋም ባይጠፋም በፈለጉት ሰዓት በቪዲዮ ሊያገኙኝ ይችላሉ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ታዲያ አሁን ምን ሆነህ መጣህ?» አሉኝ።