ውሃው የት ይሄዳል?

እኛ ሐበሾች ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ባለሙያ አንጠራም፤ ሰው እንጠራለን። ባለሙያ መጥቶ፣ አይቶ፣ ሠርቶ ይሄዳል። ሰው ግን መጥቶ ይቀመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ የገዛሽው ቤት መገዛት እንዳልነበረበት ያስረዳል፣ ከዚያም ሌላ ሰው ይጠራል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ዓይነ አፋር ስለሆንኩ፣ ለማላውቀው ድርጅት ስልክ ደውዬ «ቤቴ ቀዝቅዟል» ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ እኔም ሰው ጠራሁ።

ቤቴ ፓይን ሌክ ነው። ትንሽና አሮጌ ነው፤ ጠባዩም እንደ ዕድሜው ነው። አትላንታ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል በአየር ሲሞቅ የእኔ በውሃ ይሞቃል። ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጓዳ ውስጥ ቦይለር አለ፤ ውሃውን አሙቆ ከወለሉ በታች በተዘረጋ ቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር፣ ግድግዳ ሥር ወደቆመው ማሞቂያ ብረት፣ ይልካል። ቦይለሩ ላይ የግፊት መለኪያ አለ። መርፌዋ በጣም ከወረደች ቦይለሩ ይጠፋል፣ እኛም ካፖርት ለብሰን ራት እንበላለን። ይህች መርፌ ሁለት ዊንተር አሠቃየችኝ። ጠዋት ውሃ እሞላለሁ፤ ውሎ አድሮ ወርዳ አገኛታለሁ። የረጠበ ግድግዳ የለም፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ የለም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቁስ አካል እንደማይጠፋ ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። እቤቴ ግን ይጠፋ ነበር።

የጠራኋቸው ሰው ጋሽ በየነ ይባላሉ። ስቶን ማውንቴን ይኖራሉ፤ ሒተርና ኤሲ ይሠራሉ። ቦይለሩን እንዳዩ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ይሄን ቤት ስትገዢ ማንን ነው ያማከርሽው?» አሉኝ። ማንንም አላማከርኩም አልኳቸው። «ያስታውቃል» አሉ።

ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ነበር። ከሥሩ ባልዲ አስቀመጡለት፤ ባልዲው ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ውሃው ሞቆ ሲሰፋ ትርፉን የሚቀበለው ታንክ ተጠረጠረ። አንኳኩት፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ ቀየሩት። መርፌዋ ወረደች። የፓምፑን ማያያዣዎች ፈትተው አጠበቁ። ወረደች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ውሃውን ደብቄ የጠጣሁት ይመስል፣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። በመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ። «አየር የሚሞላው የእማማ ክፍል ራዲያተር ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ፣ ከወለሉ ሥር ቧንቧው ውሃ ሊክ ያደርጋል። ወለሉ ይቆረጣል» አሉ።

እማማ ያሏት እናቴን ነው። እዚህ ላይ ከቦይለሩ ትንሽ ወጣ ልበልና እስካሁን አፍሬ የደበቅሁትን ልናገር።

ሙሉጌታ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እናቴ ወደ እኔ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ በድንገት ሞተ። እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። በስልክ አይነገርም። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋ፣ ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። እናቴ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሟ እንዳትደነግጥ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ትንሽ ትጠንክር አልኩ። ከዚያ ፋሲካ ይለፍ አልኩ። ከዚያ መድኃኒቷ ተቀየረ፤ እስክትለምደው ድረስ አልኩ። ሁለት ዓመት እንዴት ያልፋል ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ነው የሚያልፈው።

እስከዚያው ወንድሜን በሕይወት ማቆየት የእኔ ሥራ ሆነ። ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ለሥራ ላክሁት። ስልኩን አስጠፋሁበት። በየበዓሉ «ሰላም በሉልኝ ብሏል» እላለሁ። አንድ ጊዜ እንደውም እናቴ ከፍቷት ሳያት የሥራ ዕድገት ሰጠሁት፤ የክፍል ኃላፊ አደረግሁት። «እሰይ!» አለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ወለሉ የሚቆረጠው ቅዳሜ ነበር። ጋሽ በየነ በኋላ ሌላ ሥራ ስለነበረባቸው ገና ሳይነጋ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ትልልቅ ወንዶች፣ ለብርዱ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በር ላይ ጫማቸውን ይጠርጋሉ። እኔ የተማርኩት ሴት ይህ ምን እንደሚመስል አልታየኝም። ለእናቴ ግን ታያት።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከክፍሏ ወጣች። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «ተቀመጡ እንጂ። ቆሞ አይነገርም። ስለ ሙሉጌታ ነው አይደል?» አለች።

ጋሽ በየነ ሙሉጌታን አያውቁትም። ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። «እማማ፣ እኛስ ለቧንቧ ነው የመጣነው። የእርስዎን ክፍል ወለል ልንቆርጥ ነው» አሉ በትሕትና። እንድታምናቸው መጋዙንም ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬም አትነግሪኝም ማለት ነው?» አለችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አንዲት ትንሽ የናስ ቁልፍና አንድ እርጥብ ፎጣ ይዛ መጣች። ቁልፏ የራዲያተሩ አየር ማስወጫ የሚከፈትባት ናት፤ የቤቱ የቀድሞ ባለቤት እዚያው ራዲያተሩ ላይ አንጠልጥሎ የተዋት። «በከንቱ ወለሌን አትቁረጡብኝ። ውሃውን የማፈሰው እኔ ነኝ» አለች።

ለካ ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጀምር፣ ክላርክስተን ካለ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት «ልጅዎን ነፍስ ይማር፤ አሁን ገና ሰማሁ» ብላ አቅፋት ኖሯል። እናቴ ሴትዮዋን አመስግና፣ ምስሯን ገዝታ እቤት ገባች። ለእኔ ምንም አላለችም። ሲብስባት ክፍሏን ትዘጋና ያችን ቁልፍ ታዞራለች፤ ራዲያተሩ ሽሽሽ ይላል፤ እኔ እንዳልሰማት በዚያ ድምፅ ውስጥ ታለቅሳለች። አየሩ አልቆ ውሃ ሲመጣ በፎጣ ትቀበለዋለች፣ ጥቂት ትቆይና ትዘጋዋለች። ጠዋት እኔ አዲስ ውሃ እሞላለሁ። አዲስ ውሃ ደግሞ አዲስ አየር ይዞ እንደሚገባ ጋሽ በየነ በኋላ አስረዱኝ። እናቴ የምታለቅስበትን አየር ስሞላላት የከረምኩት እኔው ነኝ ማለት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። አስቡት፤ እኔ ነኝ ይህን የምጠይቅ! «ስትዋሺ ላብ ላብ ይልሽ ነበር፤ አሳዘንሽኝ። ልጄ እንዲህ የደከመችበትን እንዴት አፈርሰዋለሁ አልኩ» አለች። ፎጣውን እያጠፈችም፣ «ዕድገቱን ግን ወድጄልሽ ነበር» አለችኝ።

ያኔ ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን አለቀስን። ጋሽ በየነ መጋዙን አስቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከጓደኞቻቸው አንዱ ከሁላችን ብሶ ይንሰቀሰቅ ነበር፤ በመሐል በመሐሉ «ስሙን ማን አላችሁኝ?» እያለ።

መርፌዋ ከዚያ ወዲህ ወርዳ አታውቅም። በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ዳላስ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለች። ወንድማችንን በሕይወት ያቆየሁት ከእሷ ጋር ሆኜ ነው፤ እናታችን ማወቋን ገና አልሰማችም። እፎይ ትበል ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ሙሉጌታ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ጥቂት አዳመጠች። «ተመስገን። በርታ በይልኝ» አለችና ዘጋች። ከዚያ በቁጣ አየችኝ፦

«ልጅቷን ልታስደነግጫት ነው እንዴ? እርጉዝ እኮ ናት! ማወቄን አሁን ብትሰማ ምን ይውጣታል? ትውለድ፣ ክርስትናው ይለፍ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»