ሲስተር ብርቄና ዝምተኛው ሕፃን

ሰው ደስታውን እስኪጨርስ የማይታገስ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሠርግ ላይ ሰማዩን እያየ "ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም" የሚል፣ አዲስ ቤት ሲመረቅ ግድግዳውን እያንኳኳ የሚዞር። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ይህን ማዕረግ ያለ ተፎካካሪ የያዙት የሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ነርስ ሲስተር ብርቄ ነበሩ።

ሲስተር ብርቄ ሰላምታቸው ጥያቄ ነው። ወደ ተበላ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሕፃን የታቀፈች ሴት ካዩ "መቼ ነው የጠባው?" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ፣ ስብከቱ መሃል፣ የተኛ ጨቅላ እግር ይነካሉ። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" ያለ ሰው መልሱን ያገኛል፦ "ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ አይደለም።"

የጉኑኖው መምህር ሶርሳ እጃቸው የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሚስቱ አስናቀች ረፋዱ ላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለደች፤ አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም። ሶርሳ ክብደቱን ለጥበቃው ሳይቀር ነገረ። ዘመዶቹ ለአራሷ ሙቿ የሚባለውን የወላይታ ምግብ በቅቤ አዘጋጅተው ቤት እየጠበቁ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚወስዳቸው መኪናም ተይዟል።

ሲስተር ብርቄ ሕፃኑን አይተው አልሳቁም። ወደ አስናቀች ዞሩ።

"በእርግዝናሽ ጊዜ ውሃ ይጠማሽ ነበር?"

"በጣም።"

"ሽንትስ?"

"ቶሎ ቶሎ ይመጣብኝ ነበር።"

ጣቷን ወግተው ስኳሯን ለኩ፤ ከፍ ብሏል። "ይሄ ልጅ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ዛሬ አይሄድም" አሉ።

ሶርሳ ተቆጣ። "ሲስተር፣ ከፍ ያለው የእሷ፣ የሚወርደው የሱ? ልጁን ደግሞ እያዩት ነው፤ የወር ልጅ ያክላል።"

"መምህር፣ እኔንም ያሳሰበኝ መወፈሩ ነው። ሆዷ ውስጥ ትርፍ ስኳር ሲመጣለት፣ ያንን ሲያቃጥል ኖሯል። አሁን እትብቱ ተቆርጧል። ስኳሩ ቆሟል፤ ማቃጠሉ ግን አልቆመም።"

ሕፃኑን ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኝተው፣ ከላይ ጋቢ ደርበው ጡት አስያዙት። ቆይተው ተረከዙን ወግተው ለኩ፤ ሃምሳ ሁለት።

"ይኸው፣ ደህና ነው" አለ ሶርሳ።

"ለአሁኑ" አሉና ወደ ሌላ አልጋ ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ሕፃኑ ጡቱን ተወ። ሶርሳ ጠግቦ ነው ብሎ ሊጠቀልለው ሲነሣ ሲስተር ብርቄ ደረሱና ጋቢውን ገለጡት። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እግሩን ቢነኩትም አይነቃም። ለኩት፤ ሃያ ስድስት፣ በግማሽ ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ግሉኮሱን ገና ከረፋዱ አዘጋጅተው አስቀምጠውት ኖሯል። የትንሿን እጅ ደም ሥር ፈልገው ቀስ አድርገው ሰጡት። ሶርሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ቢፈቅዱለት ኖሮ በዚያ ሰዓት ጉኑኖ መንገድ ላይ ነበር፤ ልጁን ታቅፎ፣ "ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሱት" እያለ።

ሕፃኑ ሲያለቅስ ሲስተር ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

አራት ቀን አቆዩአቸው። በአራተኛው ቀን ሶርሳ እንደ መምህርነቱ አንድ ሙሉ የምስጋና ንግግር አዘጋጅቶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃቸው። ሲመጡ ንግግሩ ሁሉ ጠፋበት። "ጋላታይስ" ብቻ አለ፣ እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

"እሱን ተወው" አሉ ሲስተር ብርቄ። "ከትናንት ወዲህ ስንቴ ጠባ?"

ሶርሳ ሰዓቱን አንድ በአንድ ነገራቸው። በዕድሜው ብዙ ፈተና ወስዷል፤ እንደዚያ ቀን ግን ጥያቄ መመለስ ደስ ብሎት አያውቅም።