ሊቀ ብሎን ኤርሜቴና የቀይዋ መኪና ድካም

ኤርሜቴ ጁሴፔ ባዛኒ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እሑድ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1986፣ ከቅዳሴ መልስ የጎተራውን በር ከፍቶ የቀይዋን ስፖርት መኪና ኮፈን አነሣ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር በዓለም ላይ አይገኝም። ሰነፍ አይደለም፤ ክፉም አይደለም። ጥፋቱ መውደዱ ነው፤ የወደደውን ነገር ሳይነካ ውሎ ማደር አይሆንለትም። ማር ሲበዛ ይመራል የሚባለው ስለ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

መንደሩ «ሊቀ ብሎን» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። «ትንሽ ብቻ ነካ ላድርገው» ሲል የሰማ ሁሉ ዕቃውን ይደብቃል። የደብሩን ሰዓት ነካ ካደረገው ወዲህ ቄሱ ዶን ፕሪሞ ሰዓት የሚጠይቁት ዳቦ ጋጋሪውን ነው። የጎረቤቱ የቴርሲላ የግቢ በር ሲጮኽ በሰማ ጊዜም ሳይጠየቅ ዘይት ቀባው። ቴርሲላ ግን ባሏ ከመጠጥ ቤት የሚገባበትን ሰዓት የምታውቀው በዚያ ጩኸት ነበር፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ኤርሜቴን ባየ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣል።

መኪናዋ ከአባታቸው ለእርሱና ለታላቅ እህቱ ለኢልዴ የተላለፈች የጋራ ርስት ናት። ተራራ ለተራራ ፖስታ ስታመላልስ ያረጀችው ኢልዴ ትነዳለች፤ ኤርሜቴ ይንከባከባል። በየዓመቱ በመስከረም አሮጌ መኪኖች ለቡራኬ ወደ እመቤታችን ቤተ ጸሎት ይወጣሉ። አምና ግን ቀይዋ ዳገቱ መካከል ትንፋሽ አጥሯት ቆመች፤ መንደሩ እያየ በትራክተር ተጎተተች። ኢልዴም በዚያው ማለች፦ «ዘንድሮ ካልወጣች ለቤርጋሞው የጥርስ ሐኪም ትሸጣለች።» ሐኪሙ መኪናዎችን የሚሰበስበው ጨርቅ አልብሶ ሊያቆማቸው ነው። ለኤርሜቴ ይህ ልጅን ለእንጀራ እናት ከመስጠት ይከፋ ነበር።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ጋራዦች ኮምፕሬሽን የሚሉትን፣ ሞተሩ አየር አምቆ የሚይዝበትን ጉልበት፣ ሊለካ ተነሣ። አራቱን ካንዴላዎች፣ እሳት ጫሪዎቹን፣ ፈታና በቦታቸው የግፊት መለኪያውን ተራ በተራ አሰረ።

«ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ርገጪ!» አላት መሪው ላይ የተቀመጠችውን እህቱን። «አሁን አስነሺ!»

አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ሆነው ተገኙ።

«አየሽ፣ እህት ዓለም? እንደ ወይፈን ጤነኛ ናት። በሽታው ያንቺ አነዳድ ነው።»

«የኔ አነዳድ? በበረዶ ላይ ፖስታ ስነዳ አንድ ደብዳቤ የጠፋው አለ? ለመሆኑ አምና የቆመችው ቀዝቅዛ ነው ወይስ ግላ?»

«ግላ ነው።»

«ታዲያ ምን ነክቶህ ቀዝቃዛ ሞተር ትለካለህ? አንተ የታመመን ሰው ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ነው እንዴ የምትመረምረው?»

ኢልዴ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነድታት ተመለሰች። ኤርሜቴ ጣቶቹ እየተቃጠሉ እንደገና ለካ። አሁን ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የመለኪያው መርፌ እኩሌታ ደርሶ ቆመ። መርፌው አፍሮ የሚታረም ይመስል ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ፤ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ መርፌውን ከፍ ያደርገው ነበር። ንቅንቅ አላለም።

«ከታች አይደለም» አለ በቀጭን ድምፅ። «ከላይ ነው። ቫልቩ አልዘጋም።»

የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ስስ የብረት መለኪያውን በእያንዳንዱ ቫልቭና ቫልቩን በሚጫነው ክንድ መካከል አሳለፈ። የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ላይ ሲደርስ ብረቱ አልገባም። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ሠሪው ጥቂት ክፍተት የሚተውለትም ለዚህ ነው። ክፍተቱን የተነፈገ ቫልቭ ግሎ ሲረዝም የሲሊንደሩን በር መዝጋት ያቅተዋል፤ የታመቀውም አየር በዚያ ያመልጣል።

«ማን ነው ያጠበቀው?» አለች ኢልዴ።

የጎተራው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ኤርሜቴ ኪስ ውስጥ ነው።

«ያንኳኳ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቷ፣ ቷ ይላል። የሚያማት መሰለኝ። እና ትንሽ ብቻ...»

«በየስንት ጊዜው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ኢልዴ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። «አንተ ሰው! አባባ ዕድሜውን ሙሉ እያንኳኳች አይደል እንዴ የነዳት!» ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «አስተካክላት፤ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። እስከ ቡራኬው እሑድ አንድ ብሎን ብትነካ ሐኪሙን የምጠራው ራሴ ነኝ።»

ክፍተቱን መለሰላት። ቫልቩ ገና አልተቃጠለም ነበርና ደግሞ ሲለካ መርፌው ከሌሎቹ ሲሊንደሮች እኩል ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ያ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ተመልሶ መጣ። ኤርሜቴ ጥርሱን ነክሶ ሰማው።

ሳምንቱን ያየ ሰው ይመስክር። በየማለዳው እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ጎተራው ይገባል፤ ኢልዴ ሞተሩን ስታሞቅ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጣል፤ ከስቶ ይወጣል። ሐሙስ ዕለት መፍቻውን አንሥቶ ክዳኑ አጠገብ ደረሰ። ቆመ። ከዚያ ግቢውን አቋርጦ መፍቻውን ለቴርሲላ በአደራ ሰጣት። እርሷም የተማረከ ጠብመንጃ እንደሚረከብ የጦር አለቃ ተቀብላ ከአንሶላዎቿ ጋር ቆለፈችበት።

እሑድ ኢልዴ ነዳች፤ ኤርሜቴ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ከጎኗ ተቀመጠ። ዳገቱ ላይ ማንኳኳቱ በረታ። አምና የቆሙበት መታጠፊያ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው የቤተ ጸሎቱ ደወል ከፊቱ ነበር።

የጥርስ ሐኪሙ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ኮፈኑ ላይ አጎነበሰ። «ሲኞር ኤርሜቴ፣ ሞተሩ ያንኳኳል እኮ። ጠበቅ ቢያደርጉት አይሻልም?»

«አይ፣ ዶክተር» አለ ኤርሜቴ። «አተነፋፈሷ ነው። ይተዉአት።»

ኢልዴ ወደ ሐኪሙ ዘወር ብላ «አትሸጥም» አለች።

ኤርሜቴ ጁሴፔ ባዛኒ አንድ ሳምንት ሙሉ የሚወደውን ነገር ሳይነካ ጠበቀ፤ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች።