ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ጀይላን

[ልደታ፣ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ቢሮ። የኮምፒውተር ክፍል ባልደረቦቹ ጀይላንና ጊፍቲ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ሰርቨሮች ፊት ይከራከራሉ።]

ጊፍቲ፦ ፕሮግራሙን ጫንኩት አልኩህ እኮ!

ጀይላን፦ አንዱ ላይ!

ጊፍቲ፦ ዳታቤዙ አንድ አይደል እንዴ? ሁለት ቦታ ምን ያደርግለታል?

ጀይላን፦ [በደስታ እጁን እያፋተገ] ይኸውልሽ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። አንደኛው ይሠራል፣ ሁለተኛው ተጠባባቂ ነው። አንደኛው ሲወድቅ ሁለተኛው ይተካዋል። ሙያውን ሳያውቅ በምን ይተካዋል? ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁለቱም ላይ ይጫናል!

ጊፍቲ፦ መውደቁን ማን ይነግረዋል?

ጀይላን፦ ይቺ ሁለቱን ያገናኘች ገመድ! በየሰከንዱ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። መልስ ከጠፋ ወዲያው ሥራውን ይረከባል።

ጊፍቲ፦ ለቅሶ ሳይደርስ?

ጀይላን፦ ጊፍቲ!

ጊፍቲ፦ እኛ ኮንዶሚኒየም ቢሆን መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል።

ጀይላን፦ [የፕሮግራሙን ሲዲ ሁለተኛው ሰርቨር ውስጥ እየከተተ] ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ቀመሪያ ሊያዩ ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ከሠራ የክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ። ካልሠራ ወደ ፎቶ ኮፒ ክፍል እመለሳለሁ።

ጊፍቲ፦ እንግዲያው የሰርቨሮቹን የይለፍ ቃል ለእኔም ንገረኝ። ድንገት ቢያምህስ?

ጀይላን፦ እኔ አያመኝም! ዛሬ ጠዋት የቀየርኩትም አንቺ እንዳታውቂው ነው።

[ጭነቱ ያልቃል። ከኮሪደሩ የወይዘሮ ቀመሪያ የጫማ ድምፅ ይሰማል። ጀይላን የአንደኛውን ሰርቨር መሰኪያ ይነቅላል።]

ጀይላን፦ እዪ! እዪ! ተረከበ! [እየዘለለ ያጨበጭባል] አሁን የይለፍ ቃሉን አስገብቼ... [ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ይደርቃሉ]

ጊፍቲ፦ ምነው?

ጀይላን፦ ጠፋኝ።

ጊፍቲ፦ ምኑ?

ጀይላን፦ የይለፍ ቃሉ! ከደስታዬ ብዛት...

ጊፍቲ፦ ታዲያ የአንተ ተጠባባቂ የታለ?

ጀይላን፦ የለኝም! ጊፍትዬ፣ ፎቶ ኮፒ ልገባ ነው!

[በሩ ይንኳኳል።]

ጊፍቲ፦ [ገፋ አድርጋው እየጻፈች] ተክለ ሃይማኖት... ጠመንጃ ያዥ... ሰባ ሰባት። ገባ።

ጀይላን፦ [አፉን ከፍቶ] ማን ነገረሽ?

ጊፍቲ፦ አንተ! ስትጽፍ እንደ ታክሲ ረዳት የሰፈር ስም እየጮህክ ነው እኮ። ጥበቃው ጋሽ ነገሪ ጠዋት ታክሲ መጣ ብለው ሮጠው ወጥተው ነበር። ደግሞ ተጠባባቂ የለኝም አትበል፤ እሳቸውም በቃላቸው ይዘውታል።