ሁሉን ያገኘ ደላላ

መርካቶ ገብታችሁ አንድም ደላላ ሳያናግራችሁ የወጣችሁበት ቀን ካለ ንገሩኝ። እኔ የለኝም። ተወልጄ ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት ነው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ "ምን ፈለግህ ወንድሜ? ልውሰድህ!" የሚለኝ አይጠፋም። ዳቦ ቤቱ እኮ ፊት ለፊቴ ነው!

ዛሬ የማወራችሁ ግን በዓይን ስለማይታይ ደላላ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ።

ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ሰሞን፣ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ የቆመው በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላይ ነው። ውስጧ አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ አለ። ብዛቱ ጥቂት ጠብታ ቢሆን ነው። አማካሪዬ ለምና፣ ደጅ ጠንታ ከውጭ ያስመጣችልኝ ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር የማስበው ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ብልቃጧ ፍሪጅ ነበር።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? በሽታ ከሚከላከሉልን ነጭ የደም ሕዋሶች አንዱ ዓይነት ቲ ሴል ይባላል። እሱ ላይ ሲዲ ሦስት የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ዘፈን የሚቀዳበትን ሲዲ ማለቴ አይደለም። ከሕመምተኛ ተወስዶ በስሱ የተቆረጠ ናሙና ላይ አንቲቦዲዋን ጠብ ስታደርጉ ያንን ፕሮቲን ብቻ ፈልጋ ትይዛለች። ከዚያ ቀለም ይጨመራል፤ የተያዘው ሕዋስ ቡናማ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቀረው ቡናማውን መቁጠር ነው። ጥናቴ ይኸው ነበር። መቶ ገጽ ያደረግሁት በራሴ ችሎታ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ቆጠርኩ። ውጤቱ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ባየሁት ናሙና ሁሉ ቡናማ በቡናማ! ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ቀርቤ ልከላከል ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ እኔ ግን አካሄዴ ሁሉ የዶክተር ሆኗል። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለሐጂ ነስሩ ነዋ።

ሐጂ በርበሬ በረንዳ ቅመም በጅምላ የሚሸጡ፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ "ትምህርትህ የት ደረሰ?" ብለው ከልባቸው የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው። የኮረሪማ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እያስነጠስኩ አስረዳኋቸው።

"አንቲቦዲ ማለት እኮ ሐጂ፣ ደላላ ማለት ነው" አልኳቸው። "በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ገብቶ፣ የምንፈልገውን አንድ ሰው ብቻ ክንዱን ይዞ የሚቆም።"

ይቺ ወዲያው ገባቻቸው። አማካሪዬ በሁለት ሴሚስተር ያስረዳችኝን እሳቸው ባንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

"እና ደላላህ አገኘ?" አሉኝ።

"አገኘ ብቻ! የላክሁት ቦታ ሁሉ ሞልቷል።"

"የላክኸው ቦታ ሁሉ?"

"ሁሉ!"

በእጃቸው የያዙትን ኮረሪማ አስቀመጡ።

"ልጄ፣ የትም ብትልከው አለ የሚልህ ደላላ ሌባ ነው" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ሐጂ ቀጠሉ። እነሱ ዘንድ አዲስ ደላላ ሲመጣ መጀመሪያ የሌለ ነገር ፈልግ ተብሎ ይላካል አሉ። ዞሮ ዞሮ የለም ብሎ ከተመለሰ ጨዋ ነው፣ ሥራ ይሰጠዋል። አለ ካለ ግን በዚያው ይሸኛል። "አንተስ የሌለበት ቦታ ልከህ አይተኸዋል?" ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

አልላክሁትም። አላወቅሁም እንዳልል አውቃለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። አማካሪዬም ደጋግማ ነግራኛለች። ግን ያቺን ጠብታ ፕሮቲኑ በሌለበት ቦታ ለማፍሰስ ስስት ያዘኝ። መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ እያልኩ ሳዘገይ ከረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ሲዲ ሦስት የማይኖርበትን የጡንቻ ናሙና አወጣሁ። አንዲት ጠብታ፣ ቢስሚላህ በስመአብ ብዬ (ያን ቀን የሁሉንም እርዳታ ፈልጌ ነበር)። በማይክሮስኮፑ አየሁ። ጡንቻው ቡናማ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

የሁለት ወር ልፋቴ ገደል ገባ። ላቦራቶሪው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃችኋለሁ? ከማልቀሱ የከፋው ግን ለአማካሪዬ መናገሩ ነበር። በሯን ሦስት ጊዜ ላንኳኳ እጄን አንስቼ ሦስት ጊዜ መለስኩ። በአራተኛው ራሷ ከፈተችው።

አልተቆጣችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ስንት እጥፍ አቅጥነሃት ነው የተጠቀምክባት?" አሥር እጥፍ አልኳት። ብልቃጧ ላይ ብዙ መቶ እጥፍ አቅጥን ይላል። ይበልጥ ትሥራልኝ ብዬ አወፍሬያት ነበር! አማካሪዬ ጭንቅላቷን ይዛ ሳቀች።

ነገሩ አውቶቢስ ተራ የሚታየው ዓይነት ነው። ለአንድ መንገደኛ አሥር ደላላ ሲሻማ አይታችኋል? ተሳፋሪው ሲያልቅባቸው ሸኚውን ይጎትታሉ፣ ሊስትሮውን ይጎትታሉ፤ ፖሊሱንም "ጅማ ነህ?" ይሉታል። የኔም ጠብታ ደላላ በዝቶባት የሕዋሱን ሁሉ ክንድ ስትጎትት ከርማለች። እሷ ምን አጠፋች? ሌባው እኔ ነኝ።

ደግነቱ ቀጥና ስትሠራ የቀረችው ለሁሉም በቃች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም እንደገና ሠራሁ፤ መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ እየሮጥኩ። ጡንቻው ላይ ምንም የለም፤ ንጹሕ! ሌላው ላይ ደግሞ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ጥርት ያሉ ቡናማዎች። ቁጥሬ በጣም አነሰ፤ ልቤ ግን ሞላ።

ጽሑፌን በምከላከልበት ቀን የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አስተካክለው የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቁ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ፕሮቲኑ በሌለበት ላይ ሞክረኸዋል?" ተነሥቼ ጉንጫቸውን ልስም ነበር። ጡንቻውን አሳየኋቸው። አለፍኩ።

ጽሑፌ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ አንዱን ቅጂ ይዤ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። የጡንቻውን ታሪክ ነግሬ፣ የምስጋናውን ገጽ ገልጬ አነበብኩላቸው፦ "በመርካቶ ለረጅም ዘመን በተግባር የተረጋገጠ የፍተሻ ዘዴ ላካፈሉኝ ለሐጂ ነስሩ።"

ሐጂ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

"የቱን ዘዴ?" አሉኝ።

"የሌለ ነገር ፈልግ ብሎ መላኩን ነዋ!"

"እሱማ እምቢ ብሎን ትተነዋል።"

በመጨረሻ የፈተኑት ተማም የሚባል ደላላ ነበር አሉ። የግራ እግር ጫማ ብቻ በጅምላ ፈልግልኝ ብለው ላኩት፤ ነጋዴዎቹ ከኋላው ሆነው ሳቁ። ከዙህር ሶላት በፊት ተመለሰ። "ሐጂ፣ ስንት ካርቶን ይሁንልዎ?" አላቸው። አንድ አስመጪ ለናሙና የመጣለትን የግራ እግር መጋዘን ሙሉ ይዞ የሚገዛው አጥቶ ተቀምጦ ነበር።

"ታዲያ ተማምን ምን አደረጉት?" አልኳቸው።

"ምን አደርገዋለሁ? በሳምንቱ ቀኙንም ካርቶን ሙሉ አመጣ! መርካቶ ላይ የሌለ ነገር ከየት ላምጣ? ያንተ ጡንቻ ይሻላል፤ የለም ካለ የለም ነው።"

"ታዲያ ሐጂ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም? ይኸው 'በተግባር የተረጋገጠ' ብዬ አሳተምኩ እኮ!"

"ይሁን፣ ምን ቸገረህ" አሉኝ ጆንያው ላይ እየተመቻቹ። "አሁን ስሜ ያለበትን ድገምልኝ። ጮክ ብለህ፤ ጎረቤት ይስማ።"

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ምን ላድርግ? ታትሟል።