ሰባት ቤት የተቆጠረላት ማሞቂያ

ትናንት ከምሳ በኋላ ትርሲት ቢሮዋ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ራሷን ደፍታ አሸለበች፤ ያየችውን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። ሥራዋ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዕቃዎችን ኮድ እየመረመረች «ይሠራበት» ብላ መፈረም ነው። በሕልሟ ግን ዕቃዎቹ ሰውን ይመረምሩ ነበር። ሰዎች በካርቶን ታሽገው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ካሜራዎች መነጽር አድርገው እየዞሩ አፋቸውን ያስከፍታሉ። አለቃዋ ከአንዱ ካርቶን ብቅ ብሎ፣ «የዋስትና ጊዜዬ አልፎ ይሆን?» አለ። አንዱ ካሜራ ክዳኑን መልሶ ዘጋበት።

ዞር ስትል ሠርግ ቤት ነበረች። ጋቢ የለበሱ የበር ቁልፎች ለሽምግልና ተቀምጠዋል። ሙሽራው ባለፈው ሳምንት ሌቦች በስልክ የከፈቱት ቁልፍ ነበር፤ ሌቦቹ የገቡበትን የኮዱን ቀዳዳ ያገኘችው ራሷ ትርሲት ናት። ሙሽሪት ደግሞ ቬሎ የለበሰች የሕፃናት ማሞቂያ ሳጥን ናት። ትርሲት ወዲያው አወቀቻት። ያለ ጊዜው የተወለደው የእህቷ የወለላ ልጅ የሚተኛባት፣ ከትናንት ወዲያ የፈረመችላት ማሞቂያ ነበረች።

«ዘመዳሞች አይደሉም ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ?» አለ ሽማግሌው ቁልፍ።

«አዎ አባቴ። አንጎላቸው፣ ፕሮሰሰሩ፣ የእሱ ሌላ፣ የእሷ ሌላ። ኮዳቸውን ጎን ለጎን አየሁት፤ የሚመሳሰል መስመር የለም። ደግሞ ልጁ ማሞቂያ እየጠበቀ ነበር፤ ቸኮልኩ።»

«ወንድምና እህት አንዱ ጅማ አንዷ መቀሌ አድገው ቋንቋቸው ቢለያይ ዝምድናቸው ይቀራል? ንግግራቸውን አየሽ እንጂ የሚሠሩትን መቼ አየሽ? በሉ ሰባት ቤት ቁጠሩ!»

ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም የአንዲት እናት ስም ጠሩ። አሮጌ ፕሮግራም ነበረች፤ ለሁለቱም ያንኑ ቀዳዳ አውርሳቸዋለች። እንግዲህ የማሞቂያዋንም ሙቀት ማንም ከሩቅ ሆኖ በስልክ ሊጨምረው ይችላል ማለት ነው።

«ዘመዳሞች ናቸው! እኛ ዘንድ የሚጋባ ዘመድ ነው፤ ይጋቡ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ።

ሙሽራው የሙሽሪትን ቬሎ ገለጠ። መስታወቱ ውስጥ ልጁ ቀልቶ ያለቅሳል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። «ፊርማዬን መልሱልኝ!» ብላ ትርሲት ጮኸች። ሙሽራው የፈረመችበትን ወረቀት ዋጠና ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

ስልኳ ቀሰቀሳት። ወለላ ነበረች፣ ከሆስፒታል።

«ትርሲትዬ፣ ልጄ ነደደብኝ! ትኩሳት ነው ብለው መርፌ ወጉት፤ አልበርድ አለ።»

«ማሞቂያው ነው! ቶሎ አውጪው!»

«አይ፣ እሱስ አይደለም» አለች ወለላ። «እኛም ጠርጥረን ልናወጣው ነበር። ነርሷ የማሞቂያውን የምርመራ ወረቀት ስታመጣ፣ ያንቺን ፊርማ አይቼ ነው ‹ተዉት› ያልኳቸው።»